ውሃው ጠራ ማለት ለዓሣው ደህና ነው ማለት አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

እዚህ ደሴ አኳሪየም የሚገዛውን ሰው፣ ሻጮቹ መስታወቱንና ዓሣውን በአንድ ቀን አሸክመው ይሸኙታል። ስለ ውሃው ግን ትንፍሽ አይሉም። ይሄ ያበሳጫል።

የዓሣው ኩስና የተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። አሞኒያ በዓይን አይታይም፤ ውሃው ኩልል እንዳለ ዓሣው ስንጥቡ ቀልቶ ላይ ላዩን አየር ሲጎርስ ታያላችሁ። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት (እሱም ዓሣ ይጎዳል)፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይሩታል፤ ግን ባክቴሪያዎቹ ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ላይ እስኪባዙ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ በደሴ ብርድ ማሞቂያ ከሌለማ ይብሳል።

ስለዚህ ዓሣው ቀድሞ ከገባ የውሃውን አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ መለካት ነው። የጠብታ መመርመሪያው ከመመርመሪያ ወረቀቱ ይሻላል። ቱቦዋ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ጠብታውን በቁጥር ትጨምራላችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ቀለሙን ከካርዱ ጋር ታስተያያላችሁ። የአሞኒያው ቢጫ እንደሆነ ከቀረ እሰየው፣ ወደ አረንጓዴ ከሄደ ግን ሥራ አለባችሁ። አሞኒያው ወይም ናይትራይቱ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ከደረሰ ከውሃው ሩቡን ወይም ግማሹን ቀይሩ፣ ምግብም ቀንሱ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በባልዲ ይደር። የፊልተሩን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ ባክቴሪያው ያልቃል።

«እዚህ ቅርባችን ካለው ከሐይቅ ከተማ ሐይቅ ቀድቼ ብሞላስ?» ያለኝም አለ። የዚያ ሐይቅ ውሃ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ ማለትም ፒኤች የሚባለው ልኩ ከፍ ያለ ነው፤ ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ አሞኒያ መርዝነቱ ይጨምራል።

ሻጮችም እባካችሁ መመርመሪያውን ከዓሣው ጋር አምጡልን። ከአዲስ አበባ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ሰልችቶናል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ