ለአባባ፦ ስለ ሙዳዩና ስለ ቶርኖው

አሰላሙ አለይኩም አባባ፣

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ? ሰሞኑን ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴ ላይ ተኝቷል አሉ። እኛ ጋ ኮምቦልቻ ያው ሙቀት ነው። ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ልደርስበት በምችለው መንገድ ደብዳቤ መላኬ ሳያስገርምዎ አይቀርም። ምን ላድርግ? ስልክ ላይ ነገሩን ላነሳ ስል «አይሰማኝም፣ አይሰማኝም» ብለው ይዘጉታል። ቤት ስመጣ ደግሞ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ከአቦል እስከ በረካ ሌላ ሌላውን ስንጫወት ይመሻል።

በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣልዎት ሙዳይ ነው። ለእጣን ይሆናል። የሠራሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ እንጨት እያዞሩ በሚቀርጹበት በቶርኖ። ሒሳብ የምይዝበት የእንጨት ቤት ባለቤት ማታ ሠራተኛው ሲወጣ ማሽኑን ይፈቅድልኛል። ለእርስዎ ያልነገርኩት ስለምፈራ ነው። አሁን ይገልብጡትና ሥሩን ይዩት። መጀመሪያ ሥሩን እንደሚያዩ አውቃለሁ።

እንጨቱ ዋንዛ ነው፣ የአሮጌ አልጋ እግር። ደረቅ ስለሆነ መረጥኩት። እርጥብ እንጨት ክብ አድርገው ቢያወጡት ሲደርቅ ሞላላ ይሆናል፤ በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ወደ መሐሉ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ስለሆነ። ይኼን የነገሩት ለወንድሜ ነበር። የሰማሁት ግን እኔ ነኝ።

ክዳኑን ከዚያው እግር ቆረጥኩት፣ የእንጨቱ መስመር ከሆዱ ተነስቶ ሳይቋረጥ ወደ ክዳኑ እንዲያልፍ። መጀመሪያ የክዳኑን ውስጥ ፈለፈልኩ። ከዚያ የሙዳዩን ከንፈር በክዳኑ ልክ ቀነስኩት፤ ከውጭ መቀነስ ከውስጥ ከማስፋት ይቀላል። ከንፈሩን በአንዴ ልኩ ላይ አላደረስኩትም። ጫፉን ሾጠጥ አድርጌ፣ ማሽኑን አጥፍቼ፣ ክዳኑን ጫን አድርጌ አዞርኩት። የተፋተገበት ቦታ ላይ ስስ የሚያብለጨልጭ ቀለበት ቀረ። ልኩ እሱ ነው። ጠበቅ ብሎ ሲገባ ክዳኑን እንደገጠምኩ ሁለቱን አንድ ላይ አዙሬ ውጩን ጨረስኩ። በመጨረሻ ከንፈሩን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ዳሰስ አደረግኩት፣ በአንድ እጅ እንዲከፈት። በአንድ እጅ ያልኩበትን ምክንያት ያውቁታል። ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ቢጠብቅ እንዳይታገሉት፣ ፀሐይ ሲወጣ ራሱ ይላላል።

ወገቡ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች ቀለም አይደሉም። በመሮ ጫፍ ስስ ቦይ አውጥቼ፣ እየዞረ ሽቦ ጫን አደረግኩበት። ጭስ ብቅ ሲል መስመሩ ይጠቁራል። የሽቦውን ጫፎች በእንጨት እጀታ ላይ ነው ያሰርኳቸው። ጣት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ድንገት ከያዘ ጣት ይዞ ይሄዳል። አንዱ መስመር ወፍራም፣ ሁለቱ ቀጭን ናቸው፤ የእማዬ ነጠላ ጥለት እንደዚያ ነበር። ላዩ ሰም ብቻ ነው። ውስጡን እንዲሁ ተውኩት፣ የቨርኒሽ ሽታ እጣኑን እንዳያበላሸው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ለሚኒስትሪ እያጠናች ነው፣ ቢያንስ መጽሐፉ ተከፍቶ አያለሁ። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው «አሁን አያቴን መሰልኩ» እያለ መንደሩን ይዞራል። በክረምት እርስዎ ጋ እንሰንብት ይላሉ። እኔም እሺ እላለሁ፣ ግን ያ ማሽን ያለበት ክፍል ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ሳላውቅ አልልካቸውም።

እንግዲህ ደረስኩበት።

አሁንም ጠዋት ጠዋት የቶርኖው ድምፅ ይሰማል አሉኝ። ባለፈው ዒድ የሻይ ብርጭቆው ማስቀመጫው ላይ ሲንቀጫቀጭ አይቻለሁ። እርስዎም እንዳየሁ አይተው እጅዎን ፎጣው ስር ከተቱት። ስለ ኪኒኑ ጠየቅኩ፣ ስለ ዝናብ ነገሩኝ። አባባ፣ መሮ ዳገቱን፣ ከስለቱ ጀርባ ያለውን ተዳፋት፣ እንጨቱ ላይ ካላሳረፈ እንደሚነክስ ከእኔ አይማሩም። የሚያመነታ እጅ ደግሞ አያሳርፈውም። ያ ትከሻዎ ላይ የሚጥሉት ፎጣ አንድ ቀን ከሚዞረው ነገር ጋር ከተጠመጠመ ማን ሰምቶ ይደርሳል? መብራት ሲጠፋም ማብሪያውን ሳያጠፉ ለሶላት ይገባሉ። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። እባክዎን እሱን እንኳ ያጥፉት።

አንድ ነገር ልበልዎና ከፈለጉ ይቆጡኝ። ልጅ ሆኜ የቶርኖ ቤቱን ሰጋቱራ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ መሮ ሲይዝ እኔ መጥረጊያ። «እኔም ልሞክር» ያልኩ ቀን የረከቦት እግር እያወጡ ነበር። ማሽኑን እንኳ አላቆሙም። «ሴት ልጅና ቶርኖ ምንና ምን!» ብለው ሳቁ። ደንበኛው ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ፣ እሱ እኮ ማሽኑ ሲነሳ ጆሮውን ይይዝ የነበረ ልጅ ነው። እሱ ያልፈለገውን ጫኑበት፣ እኔ የፈለግሁትን ነፈጉኝ። አሁን እሱ ጅዳ መኪና ይነዳል። ቂም አይደለም ብል እዋሻለሁ። ትንሽ ቂም ነው።

ያስተማሩኝን አልረሳሁም። ከቤትዎ ጎድሎብኝ አያውቅም። ይኼ ግን ጎደለ። ሙዳዩን ስሠራ መሮውን የያዝኩት እርስዎ እንደሚይዙት ነው፣ አውራ ጣት ከላይ፣ ክርን ከጎን ተጠግቶ። ማንም አላሳየኝም። ስጠርግ እያየሁ ነው።

በ2014 በጦርነቱ ከተማው ያ ሁሉ ሲደርስበት ሱቁ ተራቁቶ ቶርኖው ብቻ የተረፈው ዘራፊዎቹን ከብዷቸው እንደሆነ እናውቃለን። እርስዎ ግን «ርዝቄ ስለሆነ ነው» አሉ። እሺ፣ ርዝቅ ይሁን። እንግዲያው ከሸርፍ ተራ የመጣው ገዢ ለብረቱ ኪሎ ሲያሰላልዎ ዝም ብለው ለምን ሰሙት? ይኼንንም ከጎረቤት ነው የሰማሁት።

ሊሠሩበት አይገባም። ሊሸጡትም አይገባም። ለእኔ ይስጡኝ። ሰዎች ይዤ መጥቼ በአይሱዙ አወርደዋለሁ። ማሽኑን የሚያዞረውን ቺንጋ እቀይራለሁ። እርስዎ ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጥተው ወንበር ላይ ይቀመጡና «እንዲህ አይደለም» እያሉ ይቆጡኝ። እጅ አይጠይቅም።

ማክሰኞ የሐኪም ቀጠሮ አለዎት። ጠዋት መጥቼ እወስድዎታለሁ፣ ኪኒኑን ከነካርቶኑ ይያዙ፣ ባለፈው ስሙ ጠፍቶን ተቸግረናል። ሰውዬው ከዚያ በፊት ከተመለሰ «ልጄን ሳላማክር አልሸጥም» ይበሉት። ልጄ ሲሉ የጅዳውን ሳይሆን የኮምቦልቻዋን።

ልጅዎ