ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ላክህልኝ የምርመራ ወረቀት

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔና እናትህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማክሰኞ ማታ በቴሌግራም የላክህልኝን የዘር ፈሳሽ ምርመራ ውጤት ደጋግሜ አየሁት። ከሥሩ «አባዬ፣ አበቃልኝ ማለት ነው?» ብለህ የጻፍኸውን ግን በስልክ ልመልስልህ አልወደድሁም፤ ዕድሜውን በላቦራቶሪ የጨረሰ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ረጋ ብሎ በጽሑፍ ቢመልስ ይሻላል። አላበቃልህም።

በወረቀትህ ላይ በሚሊ ሊትር 11 ሚሊዮን ስፐርም (የወንድ ዘር ሕዋስ)፣ ወደ ፊት የሚዋኙት ከመቶ 24፣ ቅርጻቸው የተስተካከለው ከመቶ 3 ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎናቸውም 16 ሚሊዮን፣ 30 እና 4 የሚሉ ቁጥሮች ታትመዋል። አንተ እነዚህን እንደ ማትሪክ ማለፊያ ነጥብ ቆጥረህ በሦስቱም ወደቅሁ ብለሃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስድስተኛ እትም መመሪያ ላይ የሰፈሩት እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ባለቤቶቻቸው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ካረገዙላቸው ከ3,500 በላይ ወንዶች ናሙና ነው፤ ውጤታቸው ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ተደርድሮ፣ ከመቶው አምስቱ ከበታቹ የሚቀሩበት ቦታ ላይ መስመር ተሰመረ። ከመስመሩ በታች የቀሩት አምስቱም ታዲያ ባለቤቶቻቸው ያረገዙላቸው ናቸው። የቅርጹንም ነገር ልብ በል፦ ከመቶ 4 በቂ ነው ሲባል 96ቱ የተዛቡ ቢሆኑም ችግር የለም ማለት ነውና፣ በ3 እና በ4 መካከል ያለው ልዩነት እንቅልፍ ሊነሳህ አይገባም።

የእኔ ዓይን መጀመሪያ ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። የፈሳሹ መጠን 2.1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በ11 ሚሊዮን ሲባዛ ጠቅላላው 23 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ወደ ፊት የሚዋኙት 5 ሚሊዮን ተኩል ያህል ናቸው። ይህ ዝቅተኛ ነው፤ አልሸፋፍንልህም። በዚሁ ቢቀጥል እርግዝናውን ሊያዘገይ ይችላል፣ ሐኪሙም የሕክምናውን መንገድ ሲመርጥ ከሌሎቹ ይልቅ ይህን ቁጥር ያየዋል።

ነገር ግን ይቀጥላል ወይ? በጥቅምት ለሥራ መተማ ወርደህ ወባ እንደያዘህና ሳምንት ሙሉ በትኩሳት እንደተቃጠልህ ረሳኸው። ስፐርም ከመነሻው እስኪበስል 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ቆለጥም ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ከሰውነት ሙቀት ሁለት ሦስት ዲግሪ ዝቅ ያለ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ የሰጠኸው ናሙና የሚናገረው ስለ ታኅሣሥ ሳይሆን ስለ ጥቅምቱ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ወረቀቱ ላይ ከግንኙነት የተቆጠብህበት ቀን ብዛትም ሆነ ናሙናው የተሰጠበትና የታየበት ሰዓት ባዶ ተትቷል። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ቅጽ ይዞ የመጣ ተለማማጅ ከፊቴ አይቆምም ነበር። ጊዜው ካልተጻፈ፣ የቀዘቀዘና የዘገየ ናሙና ሰነፍ ሆኖ ቢታይ ጥፋቱ የባለቤቱ ይሁን የመደርደሪያው በምን ይታወቃል?

በየካቲት መጨረሻ ድጋሚ ስጥ። ከሁለት ቀን ያላነሰ፣ ከሰባት ቀን ያልበለጠ ተቆጠብ። የሚቻል ከሆነ እዚያው ላቦራቶሪው ውስጥ ስጥ፤ ከቤት የምታመጣ ከሆነ ብልቃጡን በብብትህ ይዘህ፣ ከሰጠህ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አድርስ። የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰብህ አትደብቅ፤ ብዙው ስፐርም ያለው እዚያ ነው። የሚቆጥረውም ባለሙያ ከ200 ያላነሱ ስፐርሞች ሁለት ጊዜ ቆጥሮ እንደሆነ ጠይቅ፤ የሙያ ሰው በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

እስከዚያው ስቲም መግባቱን ተው፣ ሲጋራውንም (እናትህ አታውቅም ብለህ ነው እንጂ ታውቃለች)። ጂም ውስጥ ጓደኛህ የሚወጋውን የቴስቶስትሮን መርፌ ከቶ እንዳትነካው፤ ወንድነት ይጨምራል እየተባለ የሚሸጠው ይህ መርፌ ቆለጥን ከሥራው ያስቆመዋል። እናትህ ጸበል ካልወሰድሁት ብላለች። ሂድላት፤ ጸበል እንደሆነ ቀዝቃዛ ነው፣ አይጎዳህም። ነገር ግን የሽንት ቧንቧና የወንዶች ሐኪም ዘንድም ቀርበህ በእጁ ይመርምርህ፤ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል የሚያብጥ የደም ሥር፣ ቫሪኮሲል የሚሉት፣ መኖር አለመኖሩን በዚያ መንገድ ያውቃል፣ ካለም በቀዶ ሕክምና ሊታከም ይችላል። ሁለተኛውም ውጤት ዝቅ ካለ የሆርሞን ምርመራ ያዝልሃል። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልግ ቢሆን ደግሞ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመንግሥት የተቋቋመ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ፤ ውጭ አገር ካልሄድን የሚባልበት ዘመን አልፏል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ታላቅ ወንድሜን እያሰብሁ ነው። ሰባት ዓመት ልጅ አልመጣ ሲል ሚስቱ መካን ተብላ በሽማግሌ ተሸኘች፤ ሌላ አግብታ ሦስት ወለደች። እሱ ሁለተኛም ሦስተኛም አግብቶ ያለ ልጅ ሞተ፤ እኔም ማይክሮስኮፕ ከፊቴ አስቀምጬ እየኖርሁ አንድ ቀን እንኳ «ና ልይልህ» ሳልለው ቀረሁ። አፍሬ ነው። አንተ ግን ሳትጠየቅ ሄደህ ተመርምረሃል፣ ወረቀቱንም ለአባትህ አሳይተሃል፤ ለባለቤትህም ዛሬውኑ አሳያት። ዓመት ከሁለት ወር ሞክራችኋልና የእሷም ምርመራ የአንተን ሁለተኛ ውጤት ሳይጠብቅ ጎን ለጎን ይሂድ፤ በአንዳችሁ ላይ ችግር መገኘቱ በሌላው ላይ የለም ማለት አይደለምና። ጎረቤት ለሚጠይቃት የምትመልሰውን ግን ለእሷ ብቻ አትተውላት።

የየካቲቱን ወረቀት ስትልክልኝ ፎቶውን አስተካክለህ አንሳው፤ በዚህኛው ላይ የታችኛው መስመር ተቆርጦ የነጭ የደም ሕዋሱን ቁጥር ማንበብ አልቻልሁም።

አባትህ