እማዬ፣ ተቀምጠሽ ብዪ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ትናንት ቁርስ በልተሽ እንደሆነ ስጠይቅሽ «ለራሴ ብቻ ምን ብዬ ድስት እጥዳለሁ?» አልሽኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ከጆሮዬ አልወጣም። እኔን አንድ ቀን እንኳ በባዶ ሆዴ ትምህርት ቤት ልከሽኝ አታውቂም። ማንኪያውን እፍ ብለሽ፣ በከንፈርሽ ሙቀቱን ሞክረሽ ታጎርሽኝ ነበር። አንቺ ግን ከድስቱ ሥር የተረፈውን ቆመሽ ነበር የምትበዪው። ያኔ ልብ አላልኩትም።

የላክሁልሽን አጃ «ሙጫ ሆነብኝ» ብለሽ ተውሽው አይደል? ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የላክሁት በጣም የደቀቀውን፣ ቶሎ የሚደርሰውን ነበር። እሱ ቶሎ ይሟሟል፤ ሲማሰል ደግሞ ስታርቹ ይወጣና ይጣበቃል። አሁን የመጣልሽ ፍሬው ሳይደቅ የተዳመጠው ነው። ሲበላ ይታወቅሻል።

ለአንድ ሰው ግማሽ ኩባያ ይበቃል፤ 40 ግራም ገደማ ማለት ነው። መጀመሪያ ደረቁን ድስት ላይ አመስ አመስ አድርጊው። ሽታው እንደ ተቆላ ለውዝ ሲያውድሽ ይብቃው። ይቺን ነገር አደራ እንዳትተያት፤ ጣዕሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ኩባያ ውሃና ቆንጠር ያለ ጨው ጨምሪበት። እንደፈላ እሳቱን ቀንሺው። አልፎ አልፎ ከሥሩ ገልበጥ ማድረግ እንጂ ማማሰል የለም። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ማንኪያውን በመሐሉ ሳቢው። መንገድ ከከፈተና መንገዱ ቀስ ብሎ ከተደፈነ ደርሷል። ቀጠን እንዳለ አውርጂው፤ ሲቀመጥ ይወፍራል። ወተት ጠብ አድርጊበትና ከድነሽ ሁለት ደቂቃ ተይው። ወተቱ ቀድሞ ከገባ ሥሩ ይይዛል፣ ዞር ስትይም ይገነፍላል።

ስኳር አያስፈልገውም። በደንብ የበሰለ ሙዝ በሹካ ጨፍልቀሽ ጨምሪበት፣ ቀረፋም ነስንሺበት። ጥርስሽን እንዳያስቸግርሽ በለውዝ ፍሬ ፈንታ አንድ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ይሁን። ከጎኑ የተቀቀለ እንቁላል ካለ እስከ ምሳ ሆድሽን ይይዝልሻል።

ሐኪሙ ስለ ኮሌስትሮል ያለሽን አልረሳሁም። አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አለ። ያ የሚያዝለገልገው እሱ ነው። አንጀት ውስጥ የሐሞት አሲድን ይዞ ይወጣል። ጉበትሽ የወጣውን ለመተካት ከደምሽ ኮሌስትሮል ይወስዳል። ለዚህ በቀን 3 ግራም ያስፈልጋል ይባላል፤ ግማሽ ኩባያዋ የዚያን ግማሽ ያህል ትሰጥሻለች። መድኃኒትሽን ግን አይተካም፤ እንዳታቋርጪ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከድስቱ አትብዪ። ያንን ለእንግዳ ብለሽ ያስቀመጥሽውን ጎድጓዳ ሳህን አውጪና ወንበር ስበሽ ቁጭ በዪ።

ነገ ጠዋት እኔም የራሴን ስጥድ እደውልልሻለሁ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊውና አብረን እናበስላለን። ማንኪያሽ ሳህኑን ሲነካ መስማት እፈልጋለሁ።

ልጅሽ