እማዬ ለምን ከቤት አትወጣም ላልሽኝ

ከአሽቀሎን፣ እስራኤል

ውድ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ የቤትሽ አባወራስ እንደምን ናቸው? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ተቆጥተሽ ነው ስልኩን የዘጋሽው። «እናቴን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቆልፋችሁባታል አሉ» አልሽኝ። ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ፤ ለሠርግ ወደ ጎንደር የመጣችው ናት። እሷም አንድ ቀን ገብታ፣ ሁለት ሲኒ ቡና ጠጥታ የወጣች ሰው ናት። ቢሆንም ወሬው ጨርሶ ውሸት አይደለም። እማዬ አራት ወር ሙሉ ብቻዋን ከቤት አልወጣችም። የቆለፍንባት ግን እኛ አይደለንም። ነገሩ ኔትወርክ እየተቆራረጠ የሚወራ ስላልሆነ፣ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

የመዓሊት ነገር ነው። እዚህ ሊፍቱን መዓሊት ነው የምንለው። በ2013 ዓ.ም. ስንመጣ የገባንበት መርካዝ ክሊታ፣ የአዲስ ገቢዎች ማረፊያው ማለቴ ነው፣ ባለ ሁለት ፎቅ ስለነበረ ደረጃ ወጥተን ደረጃ ወርደን ነው የኖርነው፤ ጎረቤቱም ሁሉ የእኛው ሰው ነበር። አሁን ያለንበት ሕንፃ ግን 9 ፎቅ አለው። እኛ ሰባተኛው ላይ ነን። ከበረንዳችን ቁልቁል ማየት የፋሲል ግንብ ሰገነት ላይ ወጥቶ እንደማየት ነው። እማዬ ጉልበቷን እንደሚያማት ታውቂያለሽ፤ ያለ መዓሊት የትም አትደርስም።

እኔ ደግሞ የምማረውም የምሠራውም የመዓሊት ጥገና ስለሆነ፣ «አልገባም» ስትለኝ በሽታዋን ያወቅሁ መሰለኝ። «ይበጠሳል ብላ ነው የፈራችው» አልኩ። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሻባት ከወጣ በኋላ፣ ሁለት ሲኒ በክር አሰርኩና ክሩን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳልፌ ግራና ቀኝ አንጠለጠልኳቸው። «ይኼ እኛ የምንቆምበት ሳጥን ነው፤ ያኛው ከጀርባ ያለው የብረት ሚዛን ነው፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል» አልኳት። ሚዛኑ የሚከብደው የባዶውን ሳጥን ያህል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሳጥኑ ሊሸከም ከሚችለው ጭነት ግማሽ ገደማውን ነው። ገመዱም አንድ አይደለም፣ የተገመደ ሽቦ ሆኖ አራትና አምስት ነው። ሁሉም ቢበጠስ እንኳን ሳጥኑ ከልኩ በላይ ሲፈጥን ከሥሩ ያሉት መንጋጋዎች ሐዲዱን ነክሰው ያቆሙታል። ኤሊሻ ኦቲስ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆች 1854 ኒውዮርክ በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ሕዝብ እያየ ገመዱን አስቆረጠው። መድረኩ ትንሽ ዝቅ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ዛሬ ዓለም ሙሉ የሚሳፈረው ያንን ቀን አምኖ ነው።

በዚህ ባቆም ጥሩ ነበር። ሞቅ ብሎኝ ቀጠልኩ። በፈረንጆች 1945 አንድ የጦር አውሮፕላን በጉም ምክንያት የኒውዮርኩን ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ መታው። የመዓሊቱም ገመድ ተበጠሰ። ውስጥ የነበረችው ሊፍት ነጂ ሴት 75 ፎቅ ያህል ወድቃ፣ ተሰባብራም ቢሆን በሕይወት ተረፈች። የተበጠሱት ገመዶች ከሥር ተጠቅልለው እንደ ፍራሽ ሆኑላት ይባላል።

እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አንተ፣ ይኼን ለማጽናናት ነው የምትነግረኝ?» አለች። ቀጥላም «በል ሲኒዬን ፍታልኝ፣ ቡናው ሊፈላ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ስለ ገመድ የማወራው ለራሴ እንደሆነ የገባኝ። እሷ መውደቅን አንድ ቀን አንስታው አታውቅም።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገርሽ። ዕቃችንን አስገብተን ጨርሰን፣ እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ታች ልንወርድ ገባን። ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ፣ ውሻ የያዘ ሰውዬ፣ የገበያ ጋሪ የምትጎትት ሴትዮ። እማዬ ከአንገቷ ዝቅ ብላ «እንደምን ዋላችሁ» አለቻቸው። መልስ የለም። ሦስቱም አንጋጠው ቁጥሩን ያያሉ፣ ስድስት፣ አምስት፣ አራት። እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። አላመነችኝም። ምድር ቤት ስንደርስ ወደ እነሱ ዞረች፣ ጎንበስ አለችና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላቸው ወጣች።

እኔ ስቄ ሞትኩ። እሷ አልሳቀችም።

የመዓሊት ሕግ የትም ተጽፎ አይገኝም፤ እኔም ሥራ ሆኖብኝ ቀኑን ሙሉ ስመላለስ ነው የለቀምኩት። አንድ ሰው ካለ የፈለገበት ይቆማል። ሁለተኛ ሲገባ ወደየማዕዘናቸው ይሸሻሉ። አራት ሲሆኑ አራቱም ማዕዘን ይያዛል፤ አምስተኛው መሐል ላይ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። ጥሪ ባይመጣም ስልክ ይወጣል። የዚህ አገር ሰው መቼም በሌላ ቦታ ዝምተኛ አይደለም፤ የሚወጣው ሳይወጣ የሚገባው ይጋፋል፣ ከዚያ «ኤይዜ ኮማ?» ይልሻል፣ ስንተኛ ፎቅ ነሽ ማለቱ ነው፤ ሦስተኛ ላይ ሳትደርሺ ኪራይ ስንት እንደምትከፍዪ ይጠይቅሻል። እርስ በርሳቸው እንዲህ ናቸው። እኛ ስንገባ ነው ወሬው ልክ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ጠቅ ብሎ የሚጠፋው። እንዲህ ስልሽ ሁሉም አይደለም፤ ስምንተኛ ፎቅ ያሉት ሩሲያዊ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ሳያነሡ አያልፉንም።

እማዬን ያስቸገራት አንዱ ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ ሰው መዓሊት ሲገባ ዞሮ በሩን ያያል፣ ጀርባውን ከኋላው ላሉት ይሰጣል። እማዬ ይኼን እንቢ አለች። «ሰው ቆሞ እያየሁት እንዴት ጀርባዬን እሰጣለሁ? ምን አድርጎኝ?» ስለዚህ ሁልጊዜ ጀርባዋን ለበሩ፣ ፊቷን ለሰዉ አድርጋ ነው የምትቆመው። ሰዉ በሩን ያያል፣ እሷ ሰዉን ታያለች። በጠባቧ ሳጥን ውስጥ ምን ዓይነት ጭንቅ እንደሚሆን ቆመሽ ካላየሽው አይገባሽም። አንዳንዱ ፎቁ ሳይደርስ ይወርዳል።

ይኼም ሁሉ ሆኖ ትወጣ ነበር። ያስቀራት ሌላ ነው፤ በስልክ ልነግርሽ ያፈርኩትም እሱን ነው። አንድ ጠዋት እኔ የሥራ ልብሴን ለብሼ፣ እማዬ ከጎኔ ቆማ ስንወርድ፣ በሩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከፈተ። እዚያ የምትኖር አንዲት ሴትዮ ቆማለች። አየችን፣ ወደ ኮሪደሩ ወለል በጣቷ ጠቆመች፣ «ኒካዮን?» አለች። እዚያ የፈሰሰ ነገር ነበር። እናንተ ናችሁ የምታጸዱት ማለቷ ነው። «እዚሁ ነው የምንኖረው፣ ሰባተኛ» አልኳት። «አህ» አለችና ገብታ ወደ በሩ ዞረች። በቃ።

እማዬ ዕብራይስጥ አታውቅም። ኒካዮንን ግን ከእኛ ሰው የማያውቃት የለም፤ ከሻሎም ቀጥሎ የምንማራት ቃል ናት። ቤት ስንመለስ «ምን አለችህ?» ስትለኝ «ሰላም ናት ያለችሽ» ብዬ ዋሸሁ። «ኒካዮን ሰላም ማለት ሆነ?» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ «ጉልበቴን አሞኛል» እያለች ቤት ዋለች። ወደ ሐኪም ካልሆነ አትወጣም፣ እሱንም እኔ ካልያዝኳት።

ከሐኪም ስንመለስ ደግሞ አንድ ቀን አዛካ ያዘን። የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲረኑ ማለቴ ነው። አሽቀሎን ላይ መጠለያ ለመግባት ያለሽ ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። መዓሊቱ ሁለተኛና ሦስተኛ መሐል ላይ ሳለ ጩኸቱ ጀመረ። አምስት ሆነን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሰው ከቁጥሩ ላይ ዓይኑን አነሣና ተያየ። እኔ አራተኛን ተጫንኩ። እታለም፣ በሩ የሚከፈትበት ፍጥነት በየቀኑ በሰዓት የምለካው ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ግን ዘላለም ሆነብኝ። ወጥተን ወደ ደረጃው ሮጥን። ሕንፃችን ያረጀ ነው፣ ከፈረንጆች 1992 ወዲህ እንደተሠሩት ማማድ የሚባለው የኮንክሪት ክፍል የለውም፤ የእኛ መጠለያ ደረጃው ነው፣ ከላይሽ ቢያንስ ሁለት ፎቅ እስካለ ድረስ።

ደረጃው ላይ እማዬን ያስቀመጣት ማን መሰለሽ? ያ ማዳመጫ የሚሰካው ጎረምሳ። ጃኬቱን አውልቆ ከሥሯ አነጠፈላት። አንዷ ውኃ ሰጠቻት፣ አንዱ ስሟን ጠየቃት። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሁሉም ተነሣ። ወደ መዓሊቱ ተመለስን፣ ገባን፣ ሁሉም ዞሮ ቁጥሩን ማየት ጀመረ። እማዬ በየተራ አየቻቸውና «ደረጃ ላይ ሲሆኑ ሰው ናቸው፤ እዚህች ሳጥን ሲገቡ ምን ይነካቸዋል?» አለች። እኔ ምን ልመልስላት?

አሁን ወደ መልካሙ ልምጣ። ዓርብ ማታ መዓሊቱ በራሱ ይሄዳል። በሻባት እሳት መንካት የለም፣ ቁልፍ መጫንም እንደዚያው ነው ስለሚባል፣ ማንም ሳይነካው በየፎቁ እየቆመ፣ በሩን እየከፈተ፣ ትንሽ ጠብቆ እየዘጋ፣ ሲወጣ ሲወርድ ያድራል። እማዬ በራችን አጠገብ ቁጭ ብላ ድምፁን ስታዳምጥ አየኋት። «ማን ነው የሚመላለሰው?» «ማንም።» «ማንም ሳይኖር በየደጁ ይቆማል?» ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ አያታችን እሳት ስታጠፋ እያየች ያደገች ሰው ስለሆነች፣ ይኼን ነገር ጨርሶ ልትሰማው አልፈለገችም። ክርክሩ የእሷ ብቻ አይደለም። ስመ ጥሩው ረቢ ዮሴፍ ሻሎም ኤልያሺቭ በፈረንጆች 2009 እንዳይገባበት ከልክለዋል፤ ሌሎች ደግሞ ይፈቅዳሉ። ደስ የሚለው፣ ሲወርድ የባሰ ነው የሚሉም አሉ። በሲኒዎቹ ያሳየኋት ነው፤ ሰው ሞልቶበት ሲወርድ ከሚዛኑ ስለሚከብድ የሰዉ ክብደት ነው ሞተሩን የሚያዞረው፣ ሰውዬው ሳያውቀው እየሠራ ነው ማለት ነው። ይኼን ስነግራት ዓይኗ በራ። «እንግዲያው እወጣበታለሁ፣ አልወርድበትም» አለች። ሕጓን ራሷ አወጣች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጸሎት በፊት ደረጃውን ይዛኝ ቀስ እያለች ትወርዳለች፣ ስትመለስ በመዓሊቱ ትወጣለች።

እንደምትወደው ብነግርሽ ታምኛለሽ? በሻባት ደግሞ ያ የዝምታ ሕግ ይላላል። በሩ በየፎቁ ሲከፈት የቆመው ሁሉ «ሻባት ሻሎም» ይላል፣ እሷም «ሻባት ሻሎም» ትላለች፣ ሽማግሌው ኮፍያቸውን ያነሣሉ፣ ሕፃናት ይስቁላታል። በየደጁ ሰላም እያሉ እንደማለፍ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ግን ምድር ቤት ስንገባ ያቺ የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ተከትላን ገባች። «ሻባት ሻሎም» አለች፣ ደህና አድርጋ፣ ፈገግ ብላም። ምናልባት ረስታው ይሆናል። እኔ ዓይኔን እማዬ ላይ ጣልኩ። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ምንም አልመለሰችም፣ ቀስ ብላ ወደ በሩ ዞረች። እዚህ ከመጣን ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። አንደኛ ፎቅ ተከፈተ፣ ማንም የለም፣ 20 ሰከንድ ያህል ቆሞ ተዘጋ። ሁለተኛ ተከፈተ፣ ማንም የለም፣ ተዘጋ። እማዬ ንቅንቅ አላለችም። ሦስተኛ ሲደርስ ለሴትዮዋ ጎኗን ጠበብ አድርጋ አሳለፈቻት፣ ፊቷን ግን አላዞረችም።

ሴትዮዋ ምን አወቀች? እዚህ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚቆመው።

እንግዲህ የአንቺም መምጫ ቀን ደርሶ እዚህ ስትገቢ የማወርስሽ መዓሊት ይኼ ነው። በርበሬው ደርሶናል፣ እማዬ «ጨው በዝቶበታል በላት» ብላኛለች። ያንን የልጆቹን ፎቶ ላኪልን፤ ትንሿ ጥርስ አወጣች ያልሽውን በደንብ የሚያሳየውን።

ናፋቂ ወንድምሽ