ሳነቴን በሞተር፦ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችሁ ዘንድሮ ምን ሠራ ለሚሉኝ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ጎባ ተወልደው ያደጉ ልጆች ቀይ ቀበሮን በዐይናቸው አዩ። ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ቀበሮው የሚኖርበት የባሌ ተራራ እኮ ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ቀና ሲሉ ፊት ለፊት ነው። ሆኖም በጥቅምት አባላት ስንመዘግብ "ቀይ ቀበሮ ያየ?" ብዬ ብጠይቅ እጃቸውን ያወጡት በጣም ጥቂት ነበሩ። አብዛኞቹ የሚያውቁት በሆቴል ግድግዳ ላይ የተሳለውን ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ፣ ከግማሽ በላዩም እዚሁ ባሌ የሚኖር እንስሳ ነው። ከሩቅ አገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ መጥቶ ያየዋል፤ የእኛ ልጆች ግን ከሥሩ ሆነው ሳያዩት ትምህርታቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። ይህ ያንገበግበኛል።

መደበኛው ሥራ እንደ ወትሮው ሄዷል። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተሰብስበናል፣ ሥራ አስፈጻሚ መርጠናል፣ በሰልፍ ሰዓት ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዝግጅት አቅርበናል። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የኮሶና የጥድ ችግኝ ተክለናል። ችግኞቹ የገጠማቸውን ሁላችሁም አይታችኋል፤ በጥር ቧንቧው ሲደርቅ ብዙዎቹ አብረው ደረቁ። ዛሬ የቆሙት ልጆቹ ከየቤታቸው በጀሪካን ውኃ እያመጡ ያተረፏቸው ናቸው።

አሁን ወደ ጉዞው ልግባ። ለአውቶቡስ ኪራይ ያቀረብነው ጥያቄ በጀት የለም ተብሎ ተመለሰ። እሑድ እሑድ አብረውኝ ሞተር የሚነዱ የቆዩ ጓደኞች አሉኝ። አንዱ የእንስሳት ሐኪም ነው፣ አንዱ መካኒክ፣ ሌሎቹ እንደ እኔ መምህራን ናቸው። በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ከፍተኛ ሜዳ ወደ ሳነቴ የሚወጣውን መንገድ በክረምትም በበጋም ያውቁታል። ጉዳዩን ሳጫውታቸው "ታዲያ እኛ እንወስዳቸዋለን!" አሉ። ነዳጁንም ከኪሳቸው ሞሉ። ይህ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ መመስገን ያለበት ነገር ነው።

"ልጆች በሞተር?" ብለው የጠየቁ ወላጆች ነበሩ፤ መጠየቃቸውም ትክክል ነው። የሄዱት 18 ዓመት የሞላቸው፣ የወላጅ ፊርማ ያመጡ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ናቸው። በአንድ ሞተር አንድ ተማሪ ተሳፈረ። ሄልሜት፣ ጓንትና ወፍራም ጃኬት ያላሟላ አልወጣም። ፓርኩ ውስጥ ከገባን በኋላ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳ የለም። ይህ የመጨረሻው ደንብ ለእንስሳቱም ጭምር ነው። ከጎባ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ፓርኩን መሀል ለመሀል ሰንጥቆት ያልፋል፤ በዚህ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭተው የሞቱ ቀይ ቀበሮዎች አሉ። ልጆቻችን ነገ ሹፌር፣ ሞተረኛ፣ ነጋዴ ሆነው በዚሁ መንገድ ይመላለሳሉና ደንቡን ከአሁኑ መልመዳቸውን እንደ አንድ ትምህርት እቆጥረዋለሁ።

በየካቲት፣ ከአጋማሽ ዓመቱ ፈተና በኋላ፣ በማለዳ ተነሣን። ጥዱና ኮሶው አልቆ የደጋው ቁጥቋጦ አስታ ሲጀምር ብርዱ ጓንቱን ዘልቆ ገባ። ሜዳው ላይ ስንወጣ፣ 4,000 ሜትር ግድም፣ ሞተሮቹ ጉልበት ከዳቸው፤ አንዱም ተንተፋትፎ ቆመ። መካኒኩ ጓደኛዬ ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን የእሳት መጫሪያ፣ ፈትቶ ለተማሪዎቹ አሳያቸው፤ ጥላሸት መስሎ ጠቁሯል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር የሚያወርደው ቤንዚን ከአየሩ በላይ ይሆናል፣ ተቃጥሎም አያልቅም፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። "ለዚህ ነው እኛም ትንፋሽ ያጠረን?" አለ አንዱ ተማሪ። ፊዚክስ ያስተማርሁት ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ አየር ግፊት ብዙ ጽፈናል፤ እንዲህ ሲጠይቀኝ ግን የመጀመሪያው ነበር።

ካንዴላው ተጠርጎ ገባና ቀጠልን። ረጃጅሞቹ የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ፣ በየቦታው ቆመዋል፤ በየጉድጓዱ አፍ አዲስ አፈር ተቆልሏል። ሞተሮቹን አጥፍተን ከመንገዱ ሳንወጣ ተቀመጥን። ጥቂት እንደቆየን ግዙፉ ፍልፈል ጭንቅላቱን አወጣ። ይህ ፍልፈል ከባሌ ሌላ አገር የለውም፤ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ከጉድጓዱ እምብዛም ሳይርቅ በዙሪያው ያለውን ሣር አጫጭዶ ወደ ውስጥ ይጎትትና ተመልሶ ይገባል።

ቀጥሎ የሆነውን ነው ከሁሉ በላይ መጻፍ የምፈልገው። ራቅ ብሎ የከብት መንጋ ይግጥ ነበር። ከላሞቹ መካከል ቀላ ያለ ነገር ተንቀሳቀሰ። የያዝናት አቅርቦ ማያ መነጽር የተዋስናት አንዲት ብቻ ስለነበረች እየተቀባበሉ አዩ። ቀይ ቀበሮ ነው! ወዲያው አንዱ ልጅ "ጥጃ ሊበላ ነው" አለ። ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ተማሪ "አይደለም" አለች። ቤተሰቧ ከብት አርቢ ነው፤ ወደ ጎባ የመጣችው ለትምህርት ነው። መነጽሩን አልፈለገችም። "ጥጃ አይነካም። ላሞቹን ተከልሎ ፍልፈል ነው የሚያድነው። ፍልፈል ላም ለምዷል፣ ላም ሲጠጋው አይሸሽም። አሁን ዝም ብላችሁ እዩት" አለች። ዝም አልን። ቀበሮው በአንዲት ላም ጎን ቀስ እያለ ተራመደ፣ ቆመ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አቀና፣ ድንገት ዘለለ። ቀና ሲል አፉ ባዶ አልነበረም።

ጓደኞቿ ከበቧት። ያለማቋረጥ ጠየቋት፣ እሷም ያለማቋረጥ መለሰች። እኔ በብዙ ዓመት ማስተማር ውስጥ አንድ ልጅ በአንድ ማለዳ እንዲህ ቀና ስትል አላየሁም። ከዚያ ሐኪሙ ጓደኛዬ በእርጋታ ጠየቃት፦ "ውሾቻችሁ ተከትበዋል?" አልተከተቡም። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ እንዴት እንደሚሻገር፣ በ1996 ዓ.ም. እዚሁ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ዌብ ሸለቆ ገብቶ ከነበሩት ከግማሽ በላይ እንደፈጀ ነገራት። ለአፍታ ዝም ብላ "ክትባቱ የት ነው የሚገኘው?" አለች።

ከሳነቴ በላይ በሚነሣው በቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ ፎቶ ተነሣን፤ ነፋሱ አላስቆየንም። ከሜዳው ጠርዝ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ስንወርድ ጉም ዋጠን፤ በደኑ ውስጥ ባለችው በሪራ መንደር ሻይና ማር ቀምሰን ተመለስን። የደኑ ነገር ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ከጉዞው በኋላ ክበቡ ሌላ ክበብ ሆነ። ተማሪዋ ባቀረበችው ሐሳብ አባላቱ በየሰፈራቸው ያሉ ባለቤት ያላቸውን ውሾች መዘገቡ፤ ሐኪሙም ዝርዝሩን ይዞ ክትባቱን እየተከታተለልን ነው። እሷም ለ9ኛ ክፍሎች ስለ ቀይ ቀበሮ ገለጻ አድርጋለች፤ በዕለቱ መቀመጫ አጥቶ የቆመ ተማሪ ነበር። ቅር ያለኝ ዕድሜያቸው ያልደረሰ አባላት ሳያዩ መቅረታቸው ነው። ለእነሱ መኪና ያስፈልጋል፣ ሞተር መፍትሔ አይሆንም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር በግቢያችን ተጨብጭቧል። ከፓርኩ ሥር ያለ ትምህርት ቤት ግን ዛሬም የራሱ የሆነ አንድ መነጽር የለውም። የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ ማሊያ ማግኘቱ ደስ ብሎናል፤ ይገባዋልም። የእኛ ጥያቄ ከዚያ የሚበልጥ አይደለም። ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ጥቂት መነጽር፣ ለችግኞቹ አንድ የውኃ ታንከርና ለአንድ ቀን የአውቶቡስ ኪራይ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል አባላትን የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ወዳለበት ዲንሾ ወስደን በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘንን ልናሳያቸው አቅደናል። የወላጅ መምህር ኅብረት ጉዳዩን በነሐሴ ስብሰባው እንዲያይልን ደብዳቤ አስገብተናል። በግል መርዳት የሚፈልግ የቀድሞ ተማሪ ወይም ወላጅ ገንዘቡን ለትምህርት ቤቱ ሂሳብ ክፍል "ለተፈጥሮ ክበብ" ብሎ ገቢ ያድርግና ደረሰኙን ይቀበል።