የሚንዳናዎ ጎራዴን «የጃቫ ክሪስ» ብሎ በመጠገን ስለደረሰ ጉዳት የቀረበ ቅሬታ

ለጥንታዊ ዕቃዎች ልየታና ጥገና ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የተሳሳተ የልየታ ሰነድንና በጎራዴው ላይ የደረሰውን ጉዳት ይመለከታል

የባለቤቴ ቅድመ አያት በአሜሪካ ጦር ውስጥ በደቡብ ፊሊፒንስ ባገለገለበት ዘመን ከሚንዳናዎ ይዞት የመጣውን ጎራዴ፣ ምንነቱን እንድትለዩልንና ዝገቱ እንዳይስፋፋ ብቻ እንድታደርጉልን ለድርጅታችሁ አስረክበን ነበር። ተጠግኖ የተመለሰልን ግን እጅግ ተጎድቶ ስለሆነ ይህን ቅሬታ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ሰነዳችሁ ጎራዴውን «የጃቫ ክሪስ»፣ ማለትም የኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ጩቤ፣ ይለዋል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ለኢንዶኔዥያ ክሪስ የሰጠውንም ዕውቅና ይጠቅሳል። የስለቱ መጠማዘዝ የጃቫውን ክሪስና የእኛን ጎራዴ ያዛምዳቸዋል እንጂ አንድ አያደርጋቸውም። የጃቫው አጠር ቀጠን ያለና ለመውጋት የተሠራ ሲሆን፣ የሞሮዎች (በደቡብ ፊሊፒንስ በሚንዳናዎና በሱሉ ደሴቶች የሚኖሩ ሙስሊም ሕዝቦች) ክሪስ ግን ሰፊ፣ ከባድ፣ በሁለቱም ጎኑ የተሳለና ለመቁረጥ የሚሰነዘር ጎራዴ ነው። የእኛው ስለት ብቻውን ከግማሽ ሜትር ይበልጣል፤ የእጀታው ራስም ካካቱዋ በሚባለው በቀቀን መሰል ወፍ አምሳል የተቀረጸ ነው። ከየት እንደመጣም ስናስረክብ በጽሑፍ ገልጸናል።

ስህተቱ በወረቀት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰነዱን በማረም ባለቀ ነበር። ነገር ግን ባለሙያችሁ ስለቱን ከእጀታው ጋር አጥብቆ የሚይዘውን፣ አሳንግ-አሳንግ የሚባለውን የብር ማሰሪያ፣ የጃቫ ክሪስ ስለሌለው ብቻ «ኋላ የተጨመረ» ብሎ ነቅሎታል። ሞሮዎች ማሰሪያውን የሚያደርጉት ጎራዴው በኃይል ሲሰነዘር ስለቱ ከእጀታው እንዳይላቀቅ ነው።

ከሁሉ የከፋው በጋንግያው ላይ የተፈጸመው ነው። ጋንግያ በስለቱ ግርጌ፣ ከእጀታው አጠገብ የሚገኝ ብረት ሲሆን፣ በአሮጌዎቹ ክሪሶች ለብቻው ተሠርቶ ይገጠማል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እየቆየ በተሠሩት ላይ ግን ከስለቱ ጋር አንድ ወጥ ነው። ስለዚህ የመጋጠሚያው መስመር የጎራዴውን ዕድሜ ከሚመሰክሩት ምልክቶች ዋነኛው ነበር። ባለሙያችሁ ይህን መስመር ስንጥቅ መስሎት በብየዳ ደፍኖ ሞርዶታል። ይህ ክፍል በጃቫ ክሪስም ለብቻው የሚሠራ በመሆኑ፣ ልየታችሁ ልክ ቢሆን እንኳ ሥራው ጥፋት ነው።

ስለቱ በማሽን ተወልውሎ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጫል፤ ተደራርበው የተቀጠቀጡት ብረቶች ያወጡት ሐረግና የዘመን ወዙ ጠፍተዋል። ቀዩን ዝገት በዘይትና በለስላሳ ጨርቅ በእጅ አንስቶ፣ ስስ ሰም ቀብቶ፣ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ በቂ ነበር፤ የጠየቅነውም ይህንኑ ነው።

ስለሆነም የተነቀለው ማሰሪያ ሳይጸዳና ሳይቀጠቀጥ እንዳለ እንዲመለስልን፣ ከጥገናው በፊት የተነሡት ፎቶዎችና የሥራ መዝገቡ እንዲሰጡን፣ ሰነዱ ተሰርዞ የከፈልነው ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። ብየዳውን ማንሣት ይቻል እንደሆነ የሞሮ ጎራዴዎችን የሚያውቅ፣ እኛ የምንመርጠው ባለሙያ እንዲመረምረውና ወጪውን ድርጅታችሁ እንዲሸፍን እየጠየቅን፣ ምላሻችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ