ለእቁባችን አባላት፦ ስለ እህሉ ጉዳይ

ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ስንሰበሰብ እህል አንድ ላይ ስለመግዛት እንነጋገራለን፤ አስባችሁበት ኑ።

ጤፍ ከመወደዱ የተነሳ በብዙዎቻችን ቤት የበዓል እህል ሆኗል። ከማሽላ ቀላቅሎ መጋገር አያሳፍርም፤ ማሽላ እኮ የሐረርጌ እህል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ወጡ ነው። መጀመሪያ ሥጋው ቀረ፣ ቀጥሎ እንቁላልና ወተቱ፣ አሁን ደግሞ ሽሮው ራሱ እየቀጠነ ነው፤ ልጅ ሆዱ ስለሞላ ብቻ በላ አይባልም። እባካችሁ ከቻላችሁ ምስርና ሽሮውን አትቀንሱ፣ የፕሮቲን ምንጭ ሆኖ የቀረን እሱ ነው።

ሌላው፣ በቀን ሥራ የሚኖር ሰው ዘይቱን በትንሽ ፌስታል፣ ስኳሩን በሩብ ኪሎ ይገዛል። ሲደማመር ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ከሚገዛው በላይ ይከፍላል፤ ይሄ በጣም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አዲሱ ማሽላ ከህዳር ጀምሮ ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ሲገባና ዋጋው ረገብ ሲል አንድ ላይ እንግዛ። 1 ኩንታል ለ10 ሰው ሲካፈል 10፣ 10 ኪሎ ይደርሳል። ጆንያው ነቀዝ እንዳይገባው ደረቅ ቦታ ያለው ሰው ይንገረን። በምንገዛበት ሳምንት እጅ ያጠረው ካለ ለሰብሳቢዋ በግል ይንገራት፤ እጣው ሲወጣለት ይከፍላል።